የሰርኩላር መጋዝ ጋሪ (ጂግ) ራስህ ስለመስራት፡ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፍኖተ ሰላም ነው የምሰራው፣ በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ ቁምሳጥን፣ የመጣውን። ሱቄ የገባ አናጢ ሁሉ ሰርኩላሩ (ዲስኩ ከጠረጴዛው ብቅ ያለ የእንጨት መቁረጫ ማሽን) ላይ የተቀመጠችውን ሰሌዳ ያይና "ይቺ ደሞ ምንድናት?" ይለኛል፣ ከቡሬም ከደምበጫም ከመራዊም የሚደውሉልኝ ልጆች የሚጠይቁኝ ያንኑ ነው፣ ስልክ ላይ ስኳድራ (የ90 ዲግሪ መለኪያ) እንዴት እንደሚያዝ ማስረዳት ደሞ አይሆንልኝም፣ ስለዚህ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው።

ጂግ ማለት ምንድነው? አንተ ጋሪ የምትለውስ?

ጂግ ማለት እንጨቱን ወይም መሳሪያውን ሁሌ በአንድ መንገድ የሚያስኬድ መያዣ ነው፣ በቃ። ለሰርኩላር የሚሰራው ዋናው ጂግ በእንግሊዝኛ ስሌድ ይሉታል፣ እኛ ሱቅ ግን ጋሪ ነው የምንለው ምክንያቱም እንጨቱን ጭኖ ዲስኩ ላይ ወስዶ ይመልሰዋል። ከስር ሰሌዳ፣ ከፊትና ከኋላ ሁለት ግድግዳ፣ ከሆዱ ስር ደሞ ቀጥ አድርጎ የሚመራው ጣውላ፣ ይሄው ነው። እንጨቱ ጋሪው ላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ የሚሄደው ጋሪው ነው፣ እጅህ ደሞ ግድግዳው ላይ የራሱ ቦታ አለው። ለኔ ትክክል 90 ዲግሪ ከመቁረጡ በላይ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው፣ እጅ ቦታ ሲያጣ ነው ዲስክ ውስጥ የሚገባው።

15 ዓመት በባዶ እጄ ስቆርጥ ኖሬ ምንም አልሆንኩም፣ ለምን እደክማለሁ?

እንኳን ምንም አልሆንክ። ግን አንድ ሂሳብ ላሳይህ፣ 25 ሳንቲ ዲስክ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር ጥርሱ በሰከንድ 39 ሜትር ይሄዳል፣ በሰዓት ሲመታ 140 ኪሎ ሜትር ነው። ከደጀን ወደ ባሕር ዳር የሚበር መኪና እንኳን በዚህ ፍጥነት ሲሄድ ብታይ "ምን ሆኖ ነው" ትላለህ። ያ ጥርስ ከጣትህ አንድ ስንዝር ላይ ነው ያለው፣ አንተ ደሞ ስለ ቀብድ እያሰብክ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ቺንጋ ያለው ማሽን ላይ ሞተሩ 1450 ይዞር ይሆናል ግን ትልቅ ፑሊ ከሞተሩ ትንሽ ፑሊ ከዲስኩ ጋር ከገጠሙልህ ፍጥነቱ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ዲስኩ ላይ የሚችለው ከፍተኛ ዙር ተጽፎበታል፣ ፑሊ ከመቀየርህ በፊት እሱን አንብበው።

እንጨቱ ለምንድነው ተመልሶ የሚራገጠው?

ይሄን በደንብ ያዘው። የዲስኩ ፊት ያለው ጥርስ ወደ ታች ነው የሚወርደው፣ እንጨቱን ጠረጴዛው ላይ ይጫነዋል፣ ጥሩ ነው። ከኋላ ያለው ጥርስ ግን ወደ ላይ ይወጣል፣ እንጨቱ ትንሽ ጠመም ብሎ ወይ ተቆልፎ የኋላውን ጥርስ ከነካ ያነሳውና ወደ አንተ ይወረውረዋል። በዓይን የምትከተለው ነገር አይደለም። እኔን አንዴ እርጥብ ባሕር ዛፍ ስሰነጥቅ ሆዴ ላይ መቶኝ ቀበቶዬ ነው ያዳነኝ፣ ሳምንት ሙሉ ጎንበስ ማለት አልቻልኩም፣ ጥፋቱም የራሴ ነበር ምክንያቱም ልክ ከዲስኩ መስመር ላይ ነበር የቆምኩት። ወደ ጎን ቁም፣ ሁሌ።

እኛ አገር ደሞ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ፣ ባሕር ዛፍ። ባሕር ዛፍ ሲያድግ ውስጡ ተወጥሮ ነው የሚያድገው፣ ስትሰነጥቀው ውጥረቱ ሲፈታ ሁለቱ ግማሽ ወይ ይከፈታል ወይ ይዘጋል፣ ከተዘጋ ዲስኩን እንደ ፒንሳ ይይዘዋል፣ ከዛ ወይ ሞተሩ ያቃስታል ወይ እንጨቱ ይበራል። የፈረንጅ ጥድና ዋንዛ በዚህ በኩል ጨዋ ናቸው።

ሌላው የሚያስረግጠው፣ አጭር እንጨት ወርዱን ስትቆርጥ ጋይዱን (ጠረጴዛው ላይ ከዲስኩ ጎን ለጎን የሚቆመውን ቀጥ ያለ መሪ) እንደ መለኪያ መጠቀም ነው። የተቆረጠው ቁራጭ በጋይዱና በዲስኩ መሀል ይታፈንና ይፈነጠራል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ስህተት ይሄ ነው፣ ጋሪ ከሰራህ ደሞ ከነአካቴው ይቀርልሃል፣ መለኪያ ማቆሚያውን የምታስረው ጋሪው ግድግዳ ላይ ነው፣ በሌላው በኩል ያለው ቁራጭ ነፃ ነው፣ የሚያፍነው የለም።

የኔ ማሽን እዚሁ የተበየደ ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ቦይ የለውም። እንዴት ይሆናል?

አብዛኞቻችን እንደዛ ነን። የፋብሪካ ማሽን ጠረጴዛ ላይ ብዙውን ጊዜ 19 ሚሊ ስፋት 9 ሚሊ ተኩል ጥልቀት ያለው ቦይ አለ፣ ቪዲዮ ላይ የምታያቸው ሁሉ በዛ ቦይ ውስጥ ነው ጋሪያቸውን የሚነዱት። የኛ ጠረጴዛ ግን ወፍራም ላሜራ ከአንጎላሬ ጋር የተበየደ ነው፣ ቦይ የለም፣ ስለዚህ የጠረጴዛውን ጠርዝ ራሱን እንደ ሀዲድ ተጠቀምበት። ጋሪው ከጠረጴዛው ትንሽ ሰፋ ይላል፣ ከስሩ በግራና በቀኝ ሁለት ጣውላ ወደታች ተንጠልጥለው ጠርዙን ያቅፉታል፣ በሬ ጫንቃ ላይ እንደተጫነ ቀንበር በለው።

ግን መጀመሪያ ጠርዙ ከዲስኩ ጋር እኩል መሄዱን አረጋግጥ። ሶኬቱን ንቀል (አጥፋ አላልኩም፣ ንቀል)፣ ዲስኩ ላይ አንድ ጥርስ በጠመኔ ምልክት አድርግበት፣ ከፊት በኩል ከጥርሱ እስከ ጠርዙ ለካ፣ ከዛ ዲስኩን በእጅህ አዙረህ ያንኑ ጥርስ ወደ ኋላ ውሰደውና እንደገና ለካ። ሁሌ አንዱን ጥርስ ነው የምትለካው፣ ሌላ ጥርስ ከለካህ ዲስኩ ራሱ ትንሽ ከተጣመመ ያሳስትሃል። ልዩነቱ ከግማሽ ሚሊ ከበለጠ የኩሽኔታውን ቤት (የዲስኩን ዘንግ የያዘውን) ብሎን ፈታ አድርገህ ገፋ ገፋ እያደረክ አስተካክለው። ጠርዙ ራሱ ወጣ ገባ ከሆነ ወደ ብየዳ ቤት ወስደህ በግራይንደር ይመቱልህ።

ሁለቱ ጠርዞች እርስ በርስ እኩል አይሄዱም? ችግር የለውም፣ አንዱን ጠርዝ ብቻ መሪ አድርገው፣ እሱ ጋ ያለው ጣውላ ጥብቅ ይበል፣ በሌላው በኩል ያለው 2 ወይም 3 ሚሊ ላላ ብሎ እንዳይወድቅ ብቻ ይያዝ። እኔ ይቺን ዘዴ ከማግኘቴ በፊት ሁለቱንም ላጠብቅ ስል ሁለት ጋሪ አበላሽቻለሁ።

ከምን እንጨት ልስራው?

ሰሌዳው 12 ሚሊ ኮምፔንሳቶ። ችፑድ አይሆንም ጠርዙ ይፈረፈራል፣ ኤምዲኤፍ ደሞ ቀጥ ያለና ለስላሳ ነው ግን እርጥበት ይጠጣል፣ እንጅባራና ዳንግላ ያለህ ሰው በክረምት አትሞክረው።

ግድግዳዎቹን ከደረቀ ዋንዛ፣ ዋንዛ ከደረቀ በኋላ ብዙ አይጣመምም። ለመግዛት አትሩጥ፣ ከአሮጌ በር ጉበን የወጣ ካለ እሱ ይሻላል፣ ስንት ዓመት ደርቋል።

ጠርዙ ላይ የሚሄደው ጣውላ ደሞ ጠንካራ መሆን አለበት ያለበለዚያ ላሜራው ይበላዋል። እኔ የተጠቀምኩት ምን መሰለህ፣ አባቴ ቤት ግርግዳ ስር የተጣለ አሮጌ የወይራ ድግር። ስንት ክረምት ጭቃ ውስጥ ሲጎተት ኖሮ ያልተበላ እንጨት ላሜራ ላይ ቢንሸራተት ምን ይሆናል! አባቴ መጀመሪያ ተቆጥተውኝ ነበር፣ አሁን ሱቅ ሲመጡ ጋሪውን እያገላበጡ "የኔ ድግር" ይላሉ።

እንዲንሸራተት ሰም ቀባው። የሞተር ዘይት እንዳታስነካው፣ ሥራህን ያቆሽሻል ኮላም አይዝልህም። ጠጅ የሚጥል ጎረቤት ካለህ ሰፈፍ ጠይቅ፣ ቀልጦ ተጣርቶ ሲረጋ ያንን ሰም ጣውላው ላይና ጠረጴዛው ላይ አሸት አሸት አድርገህ በጨርቅ ፈትገው። ጎጃም ተቀምጠህ ሰም ከሱቅ ብትገዛ ይታዘቡሃል።

እሺ አሰራሩን ንገረኝ

ሰሌዳው ወርዱ የጠረጴዛህ ስፋት ሲደመር የሁለቱ ጣውላ ውፍረት፣ የኔ ጠረጴዛ 70 ሳንቲ ስለሆነ 76 አድርጌዋለሁ፣ ርዝመቱ ወደ 55። ከዚህ ካበዛኸው ይከብድሃል።

ዲስኩን ዝቅ ማድረግ ከቻልክ ዝቅ አድርግ፣ ካልቻልክ ፍታው። ሰሌዳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥ፣ መሪውን ጣውላ ጠርዙ ላይ አስጠግተህ ከላይ በብሎን እሰረው፣ ኮላ ገና አታድርግ። ወደፊት ወደኋላ ንዳው። ከያዘህ የት እንደሚይዝ ታውቀዋለህ፣ ላሜራው ጣውላው ላይ ጥቁር ምልክት ይተዋል፣ እዛ ቦታ ብቻ በብርጭቆ ወረቀት ፈትግ። ሲስተካከል ኮላ።

ከዛ ግድግዳዎቹ። ከአንተ ርቆ ያለው ሥራው ዲስኩ የሚሰነጥቀው ሰሌዳ ሁለት ቦታ እንዳይከፈል መያዝ ብቻ ስለሆነ እንደመጣልህ ግጠመው። ወደ አንተ ያለው ነው ዋናው፣ እንጨትህ የሚደገፈው እሱ ላይ ነው። ሁለቱም ዲስኩ ከወጣበት ከፍታ ቢያንስ 4 ሳንቲ በላይ ይሁኑ፣ አለበለዚያ ዲስኩ ግድግዳውን ለሁለት ይከፍልልሃል። እና ዲስኩ በሚያልፍበት መስመር ላይ ሚስማርም ብሎንም አታስገባ፣ ይሄን ማለት የሚያስፈልግ አይመስልም ግን አንድ ልጅ አድርጎት ሦስት ጥርስ ሲበር አይቻለሁ።

አሁን ብዙ ሰው የሚረሳው። ጋሪውን ገፍተህ ስትጨርስ ዲስኩ ወደ አንተ ያለውን ግድግዳ በስቶ ከኋላው ብቅ ይላል፣ ማለትም አንተ አውራ ጣትህን ያሳረፍክበት ቦታ ላይ። ስለዚህ እዛ ቦታ ከግድግዳው ጀርባ 8 ሳንቲ የሚሆን ድፍን እንጨት በኮላ ለጥፍ፣ ቀይ ቀለም ቀባው፣ ዲስኩ ሲወጣ እዛ ውስጥ ይደበቃል፣ እጅም እዛ አያርፍም። ከዚህ በተጨማሪ ጋሪው ከዛ በላይ እንዳይሄድ ጠረጴዛው ስር ማቆሚያ አስርለት። ይሄ ከሌለው ጋሪ፣ ባዶ እጅ ይሻላል ብዬ ልል ነበር ግን አይሻልም፣ ብቻ አድርገው።

ትክክል 90 መሆኑን በምን አውቃለሁ? ስኳድራዬን አላምነውም

አትመነው፣ ልክ ነህ። ለመጀመሪያው አቀማመጥ ግንበኛ መሰረት ሲያወጣ እንደሚያደርገው 30፣ 40፣ 50 ተጠቀም፣ በዲስኩ መስመር 30 ሳንቲ፣ በግድግዳው 40፣ አግድሙ 50 ከመጣ 90 ነው። ግድግዳውን በአንድ ብሎን ብቻ አጥብቀህ ሌላውን ጫፍ በሞርሳ ያዘው።

ከዛ ግልበጣ ሞክር። 30 ሳንቲ ያህል ወርድ ያለው ጠርዙ ቀጥ ያለ ኮምፔንሳቶ ቁረጥ፣ ከሁለቱ ግማሽ አንዱን ገልብጠህ (ላዩን ወደ ታች) ሁለቱንም ቀጥ ያለ ነገር ላይ አስጠግተህ የተቆረጠውን ጎን ግጠም። ክፍተት ካየህ ያ ክፍተት የስህተትህ እጥፍ ነው፣ 1 ሚሊ ካየህ የተሳሳትከው ግማሽ ሚሊ ነው። ለበርና መስኮት ይሄ ይበቃል።

መሳቢያና ቁምሳጥን የምትሰራ ከሆነ ግን አምስቱን ቁረጥ። አራት ማዕዘን ኮምፔንሳቶ ትወስድና አንድ ጎን ትቆርጣለህ፣ የተቆረጠውን ጎን ግድግዳው ላይ አድርገህ ሁለተኛውን፣ እንዲህ እያዞርክ አራቱንም፣ አምስተኛው ላይ የመጀመሪያውን ጎን ደግመህ ቀጭን ቁራጭ ታወጣለህ። የዛን ቁራጭ ሁለት ጫፍ ውፍረት በካሊበር (የውፍረት መለኪያ) ለካ። ስህተቱ አራት ጊዜ ተደራርቦ ነው የሚታይህ፣ ስለዚህ ለ4 አካፍለው። ቁራጩ 40 ሳንቲ ሆኖ ልዩነቱ 2 ሚሊ ቢሆን በ40 ሳንቲ ግማሽ ሚሊ ነው የሳትከው፣ ግድግዳህ ላይ ከአንዱ ብሎን እስከ ሌላው 60 ሳንቲ ከሆነ የላላውን ጫፍ ሦስት ሩብ ሚሊ ታንቀሳቅሳለህ። ወደየት? አንዱን ሞክር፣ ከባሰ በሌላው በኩል ነው ሃሃ። ሲስተካከል ብሎኑን አጥብቀህ ጨርስ። ግድግዳውን ግን በኮላ አትለጥፈው፣ አንድ ቀን ማስተካከል ይመጣል።

በጥር የሰራሁት ጋሪ በሐምሌ አልንቀሳቀስ አለ

እንጨት በወርዱ ነው የሚያብጠው፣ በርዝመቱ ብዙም አይለወጥም። አንዱን በኩል ላላ አድርግ ያልኩህ ለዚህም ነው። ቦይ ባለው ማሽን ላይ ከሆነ ጣውላውን ከጎኑ ትንሽ ላግና ሰም ቀባው። አትምታው።

ጋሪው ለመቁረጥ ነው፣ ቁመቱን ስሰነጥቅስ?

ለመሰንጠቅ ጋሪ አይሆንም፣ ጋይድና መግፊያ ነው። መግፊያውን ከኮምፔንሳቶ ቁራጭ ሥራው፣ ርዝመቱ ከ45 ሳንቲ አይነስ፣ ጫፉ ላይ የእንጨቱን ተረከዝ የሚይዝ ጥርብ አውጣለት፣ መያዣውን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው። የመጨረሻው 30 ሳንቲ ሲቀር እጅህ ይመለስ፣ መግፊያው ይጨርስ። ሦስት አራት አድርገህ ሥራ፣ አንዱን ማሽኑ ላይ በገመድ አንጠልጥል፣ ራቅ ካለ አታነሳውም፣ ራሴን አውቀዋለሁ።

ለባሕር ዛፉ መዘጋት ደሞ ከዲስኩ ኋላ የሚቆም ብረት አሰራ። ዲስክህ የሚያወጣው ስንጥቅ 3 ሚሊ፣ የዲስኩ ገላ 2.2 ከሆነ ብረቱ 2.5 ይሁን፣ ከገላው ወፈር ከስንጥቁ ቀጠን ማለት ነው፣ ከጥርሱ ከ3 እስከ 8 ሚሊ ርቆ። እንጨቱ ሊዘጋ ሲል ብረቱን ይነክሳል እንጂ ዲስኩን አያገኘውም። ብረቱ እስኪሰራ ድረስ ግማሽ ላይ ማሽኑን አጥፍተህ፣ ዲስኩ ቆሞ ሲያልቅ፣ ስንጥቁ ውስጥ ሽብልቅ ጣልበት።

መብራት ሲሄድስ?

ይቺን ጥያቄ የጠየቀኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ የደብረ ማርቆስ ልጅ፣ እኔ ግን ለሁሉም ነው የምመልሰው። መብራት ሄደ፣ ማብሪያው እንደበራ ቀረ፣ አንተ "መቼ ይመጣል" እያልክ ዲስኩ ስር ያለውን ሰጋቱራ በእጅህ ትጠርጋለህ። መጣ። እኔ ላይ የደረሰው ይሄው ነው፣ የግራ እጄ ሌባ ጣት ጥፍር እስካሁን ጠማማ ነው የሚበቅለው፣ በጥፍር ነው የተለያየነው።

መድኃኒቱ ኮንታክተር ያለው ማብሪያ ነው፣ አረንጓዴና ቀይ ቁልፍ ያለው። መብራት ሲሄድ ውስጡ ያለው ማግኔት ይለቃል፣ መብራት ቢመጣም አረንጓዴውን ደግመህ ካልተጫንክ አይነሳም። ኤሌክትሪሺያን በአንድ ቀን ይገጥምልሃል። የቤት መብራት ማብሪያ ሰርኩላር ላይ የገጠመ ሰው ካየህ ይሄን አንብብለት።

ጓንት ላድርግ?

ዲስክ ላይ አታድርግ። ጓንቱን ጥርሱ ከነካው ጎትቶ እጅህን ይዞ ይገባል። መነጽርና ማስክ አድርግ፣ የእንጨት ብናኝ ካንሰር እንደሚያመጣ ተረጋግጦ የተመዘገበ ነገር ነው፣ ቀልድ አይደለም። ጠዋት ብርድ ነው ብለህ ጋቢ ደርበህ ማሽን ላይ እንዳትቆም፣ የአንገት ማተብህ ረጅም ከሆነ ሸሚዝህ ውስጥ አስገባው። አረቄ ቀምሶ ማሽን የሚያበራ ደሞ አለ፣ እሱን ምን እላለሁ።

ጣት ሲነካው ቀጥ የሚል መጋዝ አለ ሲሉ ሰማሁ፣ እውነት ነው?

እውነት ነው። ስቲቭ ጋስ የሚባል አሜሪካዊ በ1990ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጅ) ያወጣው ነው፣ ሶውስቶፕ ይባላል። ዲስኩ ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምልክት አለ፣ ሰውነት ሲነካው ያ ምልክት ይለወጥና የአሉሚኒየም ፍሬን ዲስኩ ውስጥ ተሰክቶ በ5 ሚሊሰከንድ ያቆመዋል። ጣትህ ላይ ጭረት ይቀራል፣ ፍሬኑና ዲስኩ ግን በዛው ያልቃሉ፣ ሌላ መግዛት ነው። እርጥብ እንጨትም ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ሊያታልለው ይችላል፣ የኛን ትናንት የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ብታስገባለት ቀኑን ሙሉ ፍሬን ስትቀይር ነው የምትውለው። ድንቅ ነገር ነው፣ እኔ ግን ኮምፔንሳቶና ድግር ነው ያለኝ።

እግዜር አይበለውና ጣት ቢቆረጥስ?

ንጹህ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርገህ ጠንከር አድርገህ ያዝ፣ እጁን ከፍ አድርግ። ቡና አትነስንስበት፣ ያንን ማጠብ ለሐኪሙ ሌላ ሥራ ነው። የተቆረጠውን ጣት በንጹህ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልለህ ላስቲክ ውስጥ አስረህ፣ ላስቲኩን በረዶ ያለበት ውሃ ላይ አድርገው፣ በረዶው ራሱ ጣቱን አይንካው። ከዛ ጊዜ ሳታጠፋ ትልቅ ሆስፒታል፣ የቴታነስ መርፌም ጠይቅ።

ሰርተህ ሽጥልኝ?

አይሆንም፣ ስስት ሆኖብኝ አይደለም። ጋሪ የሚለካው በራሱ ማሽን ነው፣ የኔ ጠረጴዛ 70 ነው ያንተ 68 ተኩል ቢሆን ምን ይውጠናል። የጠረጴዛህን ስፋት ከፊትም ከኋላም ለካ፣ ዲስኩ ከላይ ስንት እንደሚወጣ ለካ፣ ጽፈህ ኮምፔንሳቶህን ይዘህ ቅዳሜ ከሰዓት ና፣ እዚህ አብረን እንቆርጠዋለን፣ ጣውላውን አንተ እቤትህ ማሽንህ ላይ ትገጥመዋለህ። ድግር ግን የለኝም፣ የራስህን አባት ለምን።